የበዓል ዕቃን ከባሕር ዳር ሆኖ በኢንተርኔት ሲገዙ ወጪን መቀነሻ፦ የአሠራር መመሪያ

በዓል በቀረበ ቁጥር አንድ ዓይነት ጥያቄ ይደርሰኛል፦ «አዲስ አበባ ያለ ሻጭ በቴሌግራም ያወጣው ዋጋ እዚህ ሱቅ ከሚጠየቀው ያንሳል፤ ልዘዘው ወይስ ይቅርብኝ?» ለእያንዳንዱ ጠያቂ በተናጠል ከመመለስ ይልቅ አሠራሩን በቅደም ተከተል መጻፉ የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። መመሪያው የሚያገለግለው በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ለሚኖሩ፣ ልብስ፣ ጫማ፣ የቤት ዕቃና ስጦታ በስልካቸው ለሚያዝዙ ሰዎች ነው። ሁሉም ደረጃዎች የሚያገለግሉት አንድን ስሌት ነው፤ እርሱም ዕቃው እጅዎ እስኪገባ ድረስ የሚያስወጣዎት ጠቅላላ ወጪ ነው። ሻጩ ከፎቶው ሥር የጻፈው ዋጋ የዚህ ስሌት አንድ መስመር ብቻ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ቴሌግራም የሚሠራበት ስልክና ጥቂት የኢንተርኔት ጥቅል፤
- የቴሌብር ወይም የባንክ ሒሳብ (ስማርት ስልክ ባይኖርዎትም ቴሌብር በ*127# ይሠራል)፤
- የልብስ ሰፊ ሜትር፣ እርሱ ከሌለ ክርና ማስመሪያ፤
- ደብተርና እስክሪብቶ፤
- ዕቃ ሲረከቡ የሚያሳዩት መታወቂያ፤
- የሚቻል ከሆነ፣ አዲስ አበባ የሚኖርና አንድ ጊዜ ሱቁ ድረስ ሊሄድልዎት የሚችል ዘመድ ወይም ወዳጅ። ይህ የመጨረሻው ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ ገንዘብ ያድናል።

ደረጃ 1፦ በኢንተርኔት የማይገዛውን ከዝርዝሩ ያውጡ

ለበዓሉ የሚያስፈልገውን ሁሉ በደብተር ይጻፉ፤ ከዚያም ለሁለት ይክፈሉት። ዶሮ፣ በግ፣ እንቁላል፣ ቅቤ፣ ሽንኩርትና በርበሬ በፎቶ የሚገዙ ነገሮች አይደሉም። ቅቤ ተሽትቶና ተቀምሶ፣ በግ ጀርባውና ላቱ ተዳብሶ፣ ዶሮም ክብደቷ በእጅ ተመዝኖ ነው ዋጋው የሚታወቀው። በዚያ ላይ እነዚህን ከዙሪያው ገጠር ወደ ባሕር ዳር ገበያ የሚያመጣው ገበሬ ራሱ ስለሆነ፣ በስልክ የሚያስማማ ሦስተኛ ሰው ቢገባበት ዋጋው መጨመሩ እንጂ መቀነሱ አይጠበቅም።

በኢንተርኔት ሊገዙ የሚገባቸው ቀላል፣ የማይሰበሩ፣ የማይበላሹና እዚህ ከተማ እንደ ልብ የማይገኙ ዕቃዎች ናቸው። የሀበሻ ልብስ፣ የልጆች ልብስና ጫማ፣ መጋረጃና የአልጋ ልብስ ለዚህ ይስማማሉ። የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ማቀዝቀዣና ቴሌቪዥን ግን ከባድ ከመሆናቸውም በላይ ሲበላሹ ዋስትናው ብዙ ጊዜ የሚሠራው ዕቃው በተገዛበት ከተማ ነው። ጥገና ፈልጎ ምጣድ ወደ አዲስ አበባ መመለስ የሚያስከፍለው፣ ሲገዙ ያተረፉትን ሊበላው ይችላል። እንዲህ ያለ ዕቃ የግድ ከሩቅ መግዛት ካለብዎ ዋስትናው ባሕር ዳር ይሠራ እንደሆነ አስቀድመው በጽሑፍ ይጠይቁ።

ደረጃ 2፦ ከበዓሉ ወደ ኋላ ቆጥረው የማዘዣ ቀን ይወስኑ

ዘግይቶ ማዘዝ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል፦ ሻጩ ዋጋ የሚጨምረው በመጨረሻው ሳምንት ነው፤ የሚልኩበትን መንገድም እንደ ልብ መምረጥ አይችሉም፣ በአውቶቡስ ሊመጣ የሚችለውን በአውሮፕላን ለማስመጣት ይገደዳሉ። ቀኑን ለማስታወስ ጾሙን ምልክት ማድረግ ይቀላል። ለገና የነቢያት ጾም በሚገባበት በኅዳር 15፣ ለእንቁጣጣሽ ፍልሰታ በሚገባበት በነሐሴ 1፣ ለፋሲካ ዐቢይ ጾም በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ይዘዙ። ኢድ አልፈጥርን የሚያከብሩ ደግሞ ረመዳን ከመግባቱ በፊት ያለውን ሳምንት ይጠቀሙ። ተለክቶ የሚሰፋ ልብስ ከሆነ በዚህ ላይ ሁለት ሳምንት ይጨምሩ፤ ሽሮ ሜዳ ያሉ ሰፊዎች በዓል ሲደርስ ሥራ ይበዛባቸዋልና።

ደመወዝተኛ ከሆኑ የገናውን ልብስ በታኅሣሥ ደመወዝ ለመግዛት አይጠብቁ። በዓሉ ታኅሣሥ 29 (በዘመነ ዮሐንስ 28) ስለሚውል፣ ደመወዙ በእጅዎ ሲገባ ዕቃው መንገድ ላይ መሆን የነበረበት ጊዜ አልፏል። የኅዳሩ ደመወዝ ነው ለዚህ መዋል ያለበት።

ከገና እስከ ጥምቀት 12 ቀን (በዘመነ ዮሐንስ 13)፣ ከእንቁጣጣሽ እስከ መስቀል 16 ቀን ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ የሁለቱን በዓላት ዕቃ በአንድ ትእዛዝ ቢያስመጡ የማጓጓዣውን የሚከፍሉት አንድ ጊዜ ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውን ብሂል አክብሮ ቀሚሱን ለጥምቀት አስቦ የሚያዝዝ ሰው ለገናም ይለብሰዋል፤ ለእያንዳንዱ በዓል ለየብቻ ማዘዝ አያስፈልግም።

ደረጃ 3፦ የባሕር ዳርን ዋጋ አስቀድመው ይያዙ

ስልክዎን ከመክፈትዎ በፊት ያንኑ ዕቃ በከተማው ውስጥ ቢያንስ ሦስት ሱቅ ገብተው ይጠይቁና የመጨረሻውን፣ ማለትም ተከራክረው የደረሱበትን ዋጋ ይጻፉ። ብዙ ሰው የሚያወዳድረው በቴሌግራም የተጻፈውን ዋጋ ሱቅ ውስጥ መጀመሪያ ከተጠራለት ጋር ነው። የሱቁ ዋጋ ድርድር ያለበት፣ የቴሌግራሙ ግን አብዛኛውን ጊዜ የተቆረጠ ስለሆነ ማነጻጸሩ ትክክል አይመጣም። ሱቅ ሲገቡ ጨርቁን በእጅዎ ይዳስሱ፤ ስሙንም ይጠይቁ። ፈትል፣ መነን ወይም ሳባ የሚባለውን ለይተው ካወቁ ከሩቅ ካለ ሻጭ ጋር ሲነጋገሩ ስለ አንድ ዕቃ እያወሩ መሆንዎን ያረጋግጣሉ።

ደረጃ 4፦ ዕቃ ሲፈልጉ የሚያልቀውን ዳታ ይቀንሱ

የቴሌግራም ገበያ ቻናሎች በቀን ብዙ ፎቶና ቪዲዮ ይለጥፋሉ። በመተግበሪያው «ሴቲንግ» ውስጥ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» የሚለውን ከፍተው በሞባይል ዳታ ፎቶና ቪዲዮ ራሱ እንዳያወርድ ያጥፉት። ከዚያ በኋላ የሚወርደው እርስዎ የነኩት ብቻ ነው።

ደረጃ 5፦ ቅናሹ እውነተኛ ቅናሽ መሆኑን ይፈትሹ

«የበዓል ቅናሽ» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የቴሌግራም ቻናል ግን ከሱቅ የሚለይበት አንድ መልካም ነገር አለው፤ ያለፈውን አይረሳም። ቻናሉ ውስጥ በፍለጋው ምልክት የዕቃውን ስም ይጻፉና ከሁለትና ከሦስት ወር በፊት በስንት ይሸጥ እንደነበር ይመልከቱ። በጥቅምት 2,800 ብር የነበረ ቀሚስ በታኅሣሥ «ከ3,600 ወደ 3,000 የወረደ» ተብሎ ከቀረበ ዋጋው ጨምሯል እንጂ አልቀነሰም። በድሮው ልጥፍ ላይ «ኤዲትድ» የሚል ምልክት ካዩ ጽሑፉ በኋላ ተለውጧል ማለት ስለሆነ በእርሱ አይተማመኑ። የሚፈልጉትን ዕቃ ገና ሲያዩት ዋጋውን በስክሪንሾት ማስቀመጥ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው።

ዋጋውን በግልጽ ሳይጽፍ «በውስጥ መስመር ያናግሩን» የሚል ሻጭ ለእያንዳንዱ ገዢ የተለያየ ዋጋ የመጥራት ዕድል አለው። እንዲህ ካለው ጋር ሲነጋገሩ ለምን እንደሚገዙትና መቼ እንደሚፈልጉት አይንገሩ፤ በዓሉ መቅረቡንና መቸኮልዎን የሚያውቅ ሻጭ የሚቀንስበት ምክንያት የለውም።

ደረጃ 6፦ ሻጩን ያረጋግጡ

ከሁሉም የሚከብደው ኪሳራ ገንዘቡ ሄዶ ዕቃው ሳይመጣ መቅረቱ ስለሆነ፣ በዚህ ደረጃ መቸኮል አይገባም። የሚከተሉትን አንድ በአንድ ይፈጽሙ።

ሀ) የቻናሉን የመጀመሪያ ልጥፎች ወደ ላይ ወጥተው ይመልከቱ። ከበዓሉ ጥቂት ሳምንት በፊት የተከፈተ፣ ወይም መጀመሪያ ስለ እግር ኳስ ሲለጥፍ ቆይቶ በድንገት ልብስ መሸጥ የጀመረ ቻናል ያጠራጥራል። ብዙ ሺህ ተከታይ ኖሮት እያንዳንዱን ልጥፍ የሚያየው ጥቂት ሰው ከሆነም ተከታዮቹ የተገዙ ሊሆኑ ይችላሉ።

ለ) ፎቶው የራሱ መሆኑን ይፈትሹ። በጉግል ሌንስ (ፎቶን በኢንተርኔት ላይ በሚፈልግ መሣሪያ) ሲፈልጉት በውጭ አገር ድረ ገጽ ላይ ከተገኘ ሻጩ ያንን ዕቃ በእጁ ላይዘው ይችላል። በዚህ ጊዜ ዕቃው አጠገብ የእርስዎ ስምና የዕለቱ ቀን የተጻፈበት ወረቀት ተቀምጦ የተቀረጸ አጭር ቪዲዮ እንዲልክልዎ ይጠይቁ። ዕቃውን የያዘ ሰው ይህን በሁለት ደቂቃ ይሠራዋል፤ ያልያዘ ሰው ሰበብ ያበዛል።

ሐ) የሱቁን አድራሻ ከነሕንፃው ስምና ከነሱቁ ቁጥር ይጠይቁ፤ አዲስ አበባ ያለው ወዳጅዎ ሄዶ እንዲያይልዎም ያድርጉ። የሚሄድልዎ ሰው ከሌለ በቪዲዮ ጥሪ ሱቁን እንዲያሳይዎ ይጠይቁ።

መ) የሒሳብ ቁጥሩን ወይም የቴሌብር ቁጥሩን ሲያስገቡ ገንዘቡ ከመላኩ በፊት የባለቤቱ ስም ይታያል። ይህ ስም ሻጩ ከነገረዎት ስም ጋር ካልተስማማ ክፍያውን ያቁሙ። «የወንድሜ ሒሳብ ነው» የሚለው መልስ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ክርክር ቢነሳ ገንዘብ የተቀበለዎት ሰው ሌላ፣ ዕቃ ለመላክ ቃል የገባልዎት ሰው ሌላ ሆኖ ይገኛል።

ደረጃ 7፦ ልክዎን በሴንቲ ሜትር ይላኩ

የማይሆን ልብስ መመለስ የደርሶ መልስ ማጓጓዣ ስለሚያስከፍል፣ ለልክ የሚያጠፉት አሥር ደቂቃ ትልቁ ቁጠባ ነው ማለት ይቻላል። «ሚዲየም» ወይም «ላርጅ» ብለው አይዘዙ፤ ይህ ስያሜ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል፤ ከቻይና የሚመጡ ልብሶች ደግሞ በአብዛኛው ጠበብ ይላሉ። ለቀሚስ ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ የእጅጌ ርዝመትና ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት ያለውን ቁመት ይለኩ። ለጫማ እግርዎን ወረቀት ላይ አቁመው ከተረከዝ እስከ ረጅሙ ጣት ያለውን ምልክት አድርገው ይለኩ፤ መለካቱ በማታ ቢሆን ይመረጣል፣ እግር ከዋለ በኋላ ትንሽ ያብጣልና። ልጆች በጥቂት ወራት ስለሚያድጉ ለእነርሱ የሚታዘዘው ከልካቸው አንድ ቁጥር ከፍ ያለው ነው።

የሀበሻ ልብስ ከሆነ ሁለት ተጨማሪ ጥያቄዎች ይጠይቁ፦ ጨርቁ ምንድን ነው? ጥልፉስ የእጅ ነው ወይስ የማሽን? በፎቶ ላይ ሁለቱም ይመሳሰላሉ፤ ዋጋቸው ግን በጣም ይራራቃል። የጥልፉን ውስጠኛ ገጽ ገልብጦ በቪዲዮ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ። የማሽን ጥልፍ ከጀርባው ወጥ የሆነ ስፌትና ብዙ ጊዜም ማጠናከሪያ ወረቀት መሰል ጨርቅ ይታይበታል፤ የእጅ ጥልፍ ደግሞ የክር ቋጠሮና ያልተስተካከለ ዝላይ ይኖረዋል። በማሽን የተጠለፈ ልብስ መግዛት ነውር የለውም፤ ጉዳቱ የማሽኑን በእጅ ዋጋ መግዛት ነው።

ደረጃ 8፦ ጠቅላላ ወጪውን ያስሉ

አሁን ደብተርዎን ይክፈቱ። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ስሌቱን ለማሳየት ብቻ የተቀመጡ ናቸው፤ እርስዎ የራስዎን ይተኩባቸው። ባሕር ዳር ውስጥ 3,800 ብር የሚጠየቅበት ቀሚስ በቴሌግራም 3,000 ብር ተገኘ እንበል።

- የቀሚሱ ዋጋ፦ 3,000 ብር
- የገንዘብ መላኪያ፦ 10 ብር
- በአውቶቡስ ማስመጫ፦ 250 ብር
- ከመናኸሪያ ቤት ድረስ ባጃጅ፦ 90 ብር
- ማስተካከያ ስፌት፦ 200 ብር
- ድምር፦ 3,550 ብር

800 ብር የሚመስለው ልዩነት 250 ብር ሆነ ማለት ነው። ልብሱ ሳይሆን ቀርቶ አንድ ጊዜ በ250 ብር ቢመለስ ትርፉ ይጠፋል። የእኔ ልማድ፣ ከድምሩ በኋላ ያለው ልዩነት የአካባቢውን ዋጋ አንድ አሥረኛ ካልሞላ ከባሕር ዳር ሱቅ መግዛት ነው፤ የአካባቢው ሻጭ ዕቃውን አሳይቶ ይሸጣል፣ ካልሆነም በነጋታው ይለውጣል፤ ይህም ዋጋ አለው።

ደረጃ 9፦ ከጎረቤት ወይም ከሥራ ባልደረባ ጋር አብረው ይዘዙ

ከላይ ያለውን ስሌት የሚለውጠው ይህ ደረጃ ነው። ሦስት ቀሚሶች በአንድ ጥቅል ሲመጡ የአውቶቡሱ ዋጋ ሦስት እጥፍ አይሆንም። ጥቅሉ 360 ብር ቢጠየቅበት ለአንድ ሰው 120 ብር፣ ባጃጁም 30 ብር ይደርሳል፤ የእያንዳንዱ ቀሚስ ድምር ወደ 3,360 ብር ይወርድና ልዩነቱ 440 ብር ይሆናል። አሁን አንድ አሥረኛውን ስላለፈ ማዘዙ ያዋጣል። ከአንድ ሻጭ ብዙ ሲገዙ ደግሞ በዋጋው ላይ ለመከራከር አቅም ያገኛሉ። ዕቁብ ወይም ማኅበር ያላቸው ሰዎች ለዚህ አዲስ ስብስብ መፍጠር አያስፈልጋቸውም። ዘጌ ወይም ሌላ የጣና ዳር ቀበሌ የሚኖሩ ከሆነ፣ ጥቅሉን ለመረከብ ብቻ ብለው ወደ ከተማ አይምጡ፤ ለገበያ በሚመጡበት ቀን እንዲደርስ አድርገው ያዘዙት እንደሆነ ተጨማሪ የጀልባ ወይም የመኪና ወጪ አይኖርብዎትም።

ማሳሰቢያ፦ ገንዘቡን የሚሰበስበው አንድ ሰው ይሁን፤ የእያንዳንዱ ሰው ዕቃ፣ ልክና የከፈለው ገንዘብ በጽሑፍ ይያዝ።

ደረጃ 10፦ ክፍያውን ከፋፍለው ይፈጽሙ

ሻጩ ባሕር ዳር ውስጥ ካለ ዕቃውን አይተው ይክፈሉ። ከሩቅ ከሆነ ቀብድ ከፍለው ቀሪውን ዕቃው መጫኑን የሚያሳይ የመላኪያ ደረሰኝ ሲደርስዎ፣ ከተስማሙ ደግሞ ሲረከቡ ይክፈሉ። ክፍያውን ከሁለት በላይ አይከፋፍሉት፤ እያንዳንዱ ዝውውር የራሱ የአገልግሎት ክፍያ አለው። ሻጩ እርስዎ ባሉበት ባንክ ሒሳብ እንዳለው ይጠይቁ፤ በአንድ ባንክ ውስጥ የሚደረግ ዝውውር ወደ ሌላ ባንክ ከሚደረገው በአብዛኛው ይረክሳል። የግብይቱን ቁጥር የያዘውን ደረሰኝም አያጥፉ።

ማስጠንቀቂያ፦ የምሥጢር ቁጥርዎንና በአጭር መልእክት የሚመጣልዎትን የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም አይስጡ። ገንዘብ ለመቀበልም ሆነ ተመላሽ ለማግኘት ምሥጢር ቁጥር አያስፈልግም። በበዓል ሰሞን «ሽልማት ደርሶዎታል» የሚሉ ማስፈንጠሪያዎች ይበዛሉና አይንኳቸው። በስሕተት ገንዘብ ልኬልዎታለሁ የሚል ሰው ቢደውል፣ ገንዘብ ገብቷል የሚለውን አጭር መልእክት ሳይሆን ቀሪ ሒሳብዎን ይመልከቱ።

ደረጃ 11፦ የማስመጫውን መንገድ ይምረጡ

ከአዲስ አበባ እስከ ባሕር ዳር በደብረ ማርቆስ በኩል 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለልብስና ለጫማ በአውቶቡስ መላክ ይበቃል፤ ለውድና ለተሰባሪ ዕቃ ፖስታ ቤት ወይም የአየር ጭነት ይሻላል። መንገዱ የሚዘጋበትና ኔትወርክ የሚቋረጥበት ቀን ስለሚያጋጥም፣ የመድረሻ ቀኑን ከበዓሉ ቢያንስ አንድ ሳምንት ያስቀድሙ፤ የላኪውንና የአውቶቡሱን ቢሮ ስልክ፣ የጥቅሉንም ቁጥር ደግሞ በወረቀት ላይ ይጻፉ። በክረምት የሚላክ ከሆነ ጥቅሉ ከውስጥ በፕላስቲክ እንዲጠቀለል ይንገሩ፤ ነጭ ልብስ በዝናብ ከራሰ ካርቶን ቀለም ይነካዋል።

ደረጃ 12፦ ሲረከቡ ይክፈቱት

ጥቅሉን ከመናኸሪያ ሳይወጡ ይክፈቱ፤ ሲከፍቱትም ሰው በስልክ ይቅረጽልዎ። ያልተቆረጠ ቪዲዮ «እኔ የላክሁት ደኅና ነበር» ለሚል ሻጭ ከሁሉ የተሻለ መልስ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በገዛ በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ይህ ጊዜ የሚቆጠረው ከተገዛበት ቀን ስለሆነ፣ ለበዓል ተብሎ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ዕቃ ጉድለቱ የሚታወቀው ቀኑ ካለፈ በኋላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በዕለቱ ለብሰው፣ አብርተው ወይም ሞክረው ይዩት።

ከውጭ አገር በወኪል ለሚያዝዙ

ከአሊኤክስፕረስ ወይም ከሺኢን ዕቃ የሚያስመጡ ወኪሎች ዋጋ ሲነግሩ ሦስት ነገር ለይተው እንዲጽፉልዎ ይጠይቁ፦ የዕቃውን ዋጋ፣ የተጠቀሙበትን የምንዛሪ ተመንና የኪሎውን ክፍያ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን፣ ባዘዙበትና በተረከቡበት ቀን መካከል ተመኑ ሊለወጥ ይችላል፤ ዋጋው በብር ተቆርጦ ይጻፍ። የኤሌክትሪክ ዕቃ ከሆነ በ220 ቮልት የሚሠራ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ለ110 ቮልት ብቻ የተሠራ ዕቃ እዚህ ሲሰካ ይቃጠላል።

ብዙ ጊዜ የሚፈጸሙ ስሕተቶች

- «ማጓጓዣ ነፃ» የሚለውን እንዳለ መቀበል። አብዛኛው ነፃ ማድረሻ ለአዲስ አበባ ውስጥ ብቻ ነው፤ «ባሕር ዳር ድረስ ነው ወይ?» ብለው ይጠይቁ።
- ማጓጓዣውን ለማካካስ ተብሎ ያልታቀደ ዕቃ መጨመር። የሚጨመረው በደረጃ 1 ዝርዝር ውስጥ ያለ ብቻ ይሁን።
- በድምፅ መስማማት። ቀለም፣ ልክ፣ ዋጋና የመላኪያ ቀን በጽሑፍ ካልሰፈሩ ለአቤቱታ የሚቀርብ ማስረጃ አይኖርም።
- ከሻጩ ጋር የተደረገውን ንግግር ቴሌግራም ላይ ብቻ መተው። ሻጩ ንግግሩን ከሁለቱም ወገን ሊያጠፋው ስለሚችል፣ ከመክፈልዎ በፊት ስክሪንሾት ያንሱ።
- ተጭበርብሮ ዝም ማለት። ገንዘቡ ከተላከ በኋላ ሻጩ ካገደዎት ሳይውሉ ሳያድሩ ለባንክዎ ወይም ለቴሌብር በ127 ይደውሉ፣ ለፖሊስም ያመልክቱ፤ ገንዘቡ ከተቀባዩ ሒሳብ ሳይወጣ የመያዝ ዕድሉ ያለው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው።